ጉራጌን በሦስት ቀን፤ ክትፎ በልቶ ላለመመለስ

አዲስ አበቤ «ጉራጌ አገር ሄጄ መጣሁ» ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ቡታጅራ ድረስ ነድቶ ክትፎ በልቶ ተመለሰ ማለት ነው። እኔም ለዓመታት እንዲያ ነበርኩ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መውጣት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ጣባ መጥረግ፣ ማታ ጀሞ ላይ በመኪና ሰልፍ መሀል ማንቀላፋት።

አንድ ጊዜ መኪና ተበላሽቶብኝ እምድብር አካባቢ አደርኩ። ጠዋት የቀሰቀሰኝ የቢላ ድምፅ ነው። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ብቅ ስል አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቆጮ ይከትፋሉ። ከፊታቸው ሰፊ ሣር፣ ሣሩ ላይ ጭጋግ፣ ጭጋጉ ውስጥ አንድ ፈረስ። «ምነው ብርድ ላይ ቆምክ? ግባ» አሉኝ። ገባሁ። መካኒኩ እስኪመጣ ሦስት ሲኒ ቡና ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ደርሶ መልስ የሚባለውን ነገር ትቻለሁ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ለምታድሩ ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ አራተኛውን ክፍል አንብባችሁ ጢያ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ እሱም አይከፋም።

አንደኛ፦ ጊዜውን ምረጡ

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ደጋው ዝናብ ነው። ዋናው አስፋልት ችግር የለውም፤ ከአስፋልት ወጣ ያላችሁ ቀን ግን ጭቃው ጎማችሁን ይዞ አይለቅም። በጣም የሚያምረው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ሜዳው አረንጓዴ፣ አደይ አበባው ቢጫ፣ ሰማዩ የታጠበ። ታኅሣሥና ጥርም ጥሩ ናቸው፣ ሌሊቱ ግን ይቆረጥማል።

ስለ መስቀል ለብቻው ልናገር። ለጉራጌ መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ደመራው ከሚበራበት ቀን አስቀድሞ የሴቶች ዝግጅት አለ፣ የጎመን ክትፎ ቀን አለ፣ የእርድ ቀን አለ። አባት ከመርካቶ፣ ልጅ ከአዋሳ፣ ሌላው ከዋሽንግተን ወይም ከደቡብ አፍሪካ ተሰባስቦ አንድ ቤት ይገባል። በዚያ ሰሞን መርካቶ ውስጥ የተዘጋውን ሱቅ ቁጠሩና ምን ያህል ሰው እንደሄደ ይገባችኋል። ሙስሊም ጉራጌዎች ደግሞ በአረፋ እንደዚያው ይተማሉ።

እንግዲህ የጋበዛችሁ ቤተሰብ ካለ በመስቀል ሂዱ፤ ከዚህ የሚበልጥ ጉብኝት የለም። የጋበዛችሁ ሰው ከሌለ ግን አትሂዱ። መኪና አይገኝም፣ ቢገኝ ዋጋው ሌላ ነው፣ አልጋ ተይዟል፣ ሆቴሉን የሚያሠሩት ሰዎችም ራሳቸው ቤተሰብ ጋ ገብተዋል። ከደመራ በኋላ ባሉት ቀናት ወጣቶች የሚገናኙበት አዳብና የሚባል ጨዋታ አለ፣ በተለይ በሶዶ ጉራጌ በኩል። ያንን ለማየት ሁለትና ሦስት ቀን አሳልፎ መሄድ ብልህነት ነው። ያኔ መንገዱም ተንፍሷል።

ጾምንም አስቡ። በዐቢይ ጾም ክትፎ ፍለጋ የሚዞር ሰው አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ቡታጅራ ላይ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ስላሉ ሥጋ አይጠፋም፤ በረመዳን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ቀን ላይ እነሱ ይዘጋሉ። ረቡዕና ዓርብም ሳይረሱ።

ሁለተኛ፦ ምን ትይዛላችሁ?

ጃኬት። ሐምሌም ሆነ የካቲት፣ ጃኬት። ደጋ ነው። ጫማችሁ ጭቃና ሣር የሚችል ይሁን። ባትሪ ያዙ፤ መብራት ይሄዳል።

ጥሬ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ውጡ፤ ዝርዝርም ጨምሩበት። ቴሌብር በየከተማው ይሠራል፣ ነገር ግን ኔትወርክ በጠፋበት ገበያ ውስጥ ሽማግሌ ነጋዴ ፊት ስልክ ሲያንከባልሉ መቆም ያሳፍራል።

የሰው ቤት የመግባት ሐሳብ ካላችሁ፣ እንዲኖራችሁም እመክራለሁ፣ ቡናና ስኳር ግዙ። አንድ ኪሎ ቡና፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ሳሙና ቢጨመር ይበልጥ ደስ ይላል። ለሕፃናት ከረሜላና ብር በመስኮት መበተን ግን ይቅር። መኪና ባዩ ቁጥር እየሮጡ አስፋልት ላይ እንዲወጡ ማለማመድ ነው።

ሦስተኛ፦ መንገዱን ለዩ

ወደ ጉራጌ ሁለት በር አለ። ሁለቱም በሰበታ በኩል ከዓለም ገና ይለያያሉ። ወደ ደቡብ የሚታጠፈው አዋሽን ተሻግሮ በጢያ፣ በቡኢና በኬላ አድርጎ ቡታጅራ ይገባል፤ 130 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ቀጥ የሚለው የጅማ መንገድ ነው። በወሊሶ አልፎ ወልቂጤ ያደርሳል፤ 155 ኪሎሜትር ገደማ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ከተማ ስትሆን ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ናት፤ ሁለቱም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው።

የእኔ ምክር፦ በቡታጅራ ግቡ፣ በወልቂጤ ውጡ። የገባችሁበትን መንገድ ደግማችሁ አታዩትም።

በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ ዶልፊንና ቅጥቅጥ ከንጋት ጀምሮ ይጭናሉ። የሚነሱበት መናኸሪያ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከአንድ ቀን በፊት ሰፈራችሁ ያለ ታክሲ ሾፌር ጠይቁ። በጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ብትገኙ ጥሩ ነው። ሲረፍድ የሚጭነው መኪና እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ያስቀምጣችኋል፤ «ሁለት ሰው ቀረ» የሚለውን ረዳት አትመኑት፣ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው የሚቀረው።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ ነዳጅ ከተማ ውስጥ ሙሉ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዋዜማው ማታ በዚያ መስመር ለሚመላለስ ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ። ከመሸ አትንዱ። ከብት አለ፣ ጋሪ አለ፣ መብራት የሌለው ባጃጅ አለ።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን ለድንጋይ ነው

ከዓለም ገና ብዙም ሳትርቁ አዋሽ ድልድይ ጋ መልካ ቁንጡሬ አለላችሁ። በሣር ክዳን ጎጆዎች የተሠራች ትንሽ ሙዚየም ናት። የጥንት ሰዎች በባልጩት የሠሯቸው መሣሪያዎች እዚህ አካባቢ ተቆፍረው ወጥተዋል፤ የቦታው ታሪክ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ባልጩት ከሚባለው ሥፍራ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። አንድ ሰዓት ይበቃታል። አስጎብኚውን «ባልጩቱን እንዴት ነው የሚሰነጥቁት?» ብላችሁ ጠይቁት። ያለዚያ ዓመተ ዓለም ብቻ ሲቆጥርላችሁ ይውላል።

ከዚያ በስተምዕራብ የአዳዲ ማርያም መገንጠያ አለ። ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ትያያዛለች። ላሊበላን ላላየ ሰው ትልቅ ነገር ናት። ላየው ደግሞ ጸጥታዋ ይበልጣል፤ ሰው አይጋፋም። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወልቃል። ጊዜ ካጠረባችሁ ግን ይህችን ዝለሉና ጢያ ግቡ።

ጢያ አይዘለልም። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን 36 ድንጋዮች አሉበት። ከነሱ 32ቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ የታጠረ ግቢ ነው። መጀመሪያ ስታዩት «ይኸው ነው?» ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ብያለሁ። አትቸኩሉ። ወደ አንዱ ድንጋይ ቀርባችሁ ሰይፎቹን ቁጠሩ። ሰይፎቹ ጫፋቸውን ወደ ላይም ወደ ታችም አድርገው ተደርድረዋል። ክብ ምልክት አለ፣ ቅጠል የሚመስልም አለ፤ አንዳንዶች እንሰት ነው ይላሉ። ከሥሩ መቃብር ነው። የተቀበሩት ወጣቶች መሆናቸውን፣ እንደ ጽንስ ተጠቅልለው መቀበራቸውንም አጥኚዎች አግኝተዋል። ምን ጦርነት፣ ምን መዓት እንደወሰዳቸው ድንጋዩ አይናገርም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ። ጥላው ሲወድቅ ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል። ቀትር ላይ የተነሳ ፎቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የእኔ ስልክ በእነሱ የተሞላ ነው።

በዚሁ በሶዶ አገር ምድረ ከብድ አቦ ገዳም አለ፤ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም የታወቀ። ተሳላሚ ከሆናችሁ በወሩ አምስተኛ ቀን፣ በተለይ መጋቢት 5፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ጎብኚ ብቻ ከሆናችሁ በሌላ ቀን ሂዱ። የዓድዋው መድፈኛ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶም የዚህ የሶዶ አገር፣ የአገምጃይ ሰው ናቸው። ቡኢ ቁጭ ብላችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ስማቸውን ብታነሱ ከጎናችሁ ያሉት ሽማግሌ ቀሪውን ይሞሉላችኋል።

አምስተኛ፦ ቡታጅራ አድራችሁ ገበያ ዋሉ

አልጋ ስትይዙ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። «ሙቅ ውሃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ገብታችሁ ቧንቧውን ክፈቱ። ሲሞቅ በእጃችሁ እዩና ያኔ ክፈሉ። ይህን ትምህርት ዘቢዳር ተራራ ወጥቼ በተመለስኩበት ማታ፣ ጭቃ እንደሆንኩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የተማርኩት።

ጠዋት ገበያ። የገበያ ቀኑን ካረፋችሁበት ቤት ጠይቃችሁ ቀናችሁን በሱ አስተካክሉ። የምትገዙት የማረቆ በርበሬ ነው። ማረቆ እዚሁ ጎረቤት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ «የማረቆ ነው» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ከየት እንደመጣ ግን እግዜር ይወቀው። ዛላውን በእጃችሁ ያዙት። ጥሩው ደማቅ ሆኖ ወደ ጥቁር ቀይ ያደላል፣ ያብረቀርቃል፣ ስትጫኑት አይበሰብስም። ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ፤ ነጭ ሻጋታ ካለ ተዉት። አሽትታችሁ ካላስነጠሳችሁ ከረመ ማለት ነው። ከጆንያው ላይ ያለውን ብቻ አትዩ፣ ከሥሩ አስወጥታችሁ እዩ። ሴትዮዋ ብትቆጣ ትቆጣ፤ ቆይታ ትስቃለች።

ከሰዓት በፊት ሐረ ሸይጣን ደርሳችሁ ተመለሱ። ከቡታጅራ ወደ ወራቤ በሚወስደው መንገድ፣ ስልጤ ውስጥ ነው። እሳተ ገሞራ የቦደሰው ጉድጓድ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ። ስሙ የሰይጣን ሐይቅ ማለት ነው። ጠርዙ ላይ እንደደረሳችሁ ልጆች ይከቧችኋል፤ ድንጋይ ወርውራችሁ ውሃው ጋ ማድረስ አትችሉም ብለው ይወራረዷችኋል። ወርውሩ። ውሃው ሥራችሁ ያለ ይመስላል፣ ድንጋዩ ግን ገደሉ ላይ ይቀራል። እኔ ትከሻዬ እስኪዝል ሞክሬያለሁ። ጠርዙ አጥር ስለሌለው ሕፃናት ልጆች ካሏችሁ እጃቸውን ያዙ።

ስድስተኛ፦ ክትፎውን በወግ ብሉ

አሁን ብሉ። ክትፎ ቤት ገብታችሁ «አንድ ክትፎ» ብቻ ካላችሁ የመጣላችሁን ትበላላችሁ። መናገር አለባችሁ፦ ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ? ለብ ለብ ቅቤው ውስጥ ለአፍታ ተገላብጦ የሚወጣው ነው፤ ብዙ ሰው የሚወደውም እሱን ነው። ግን ሐቁን ልንገራችሁ፣ ለብ ለብ ኮሶን አይከላከልም። የምትፈሩ ከሆነ ያለ ሐፍረት «በደንብ ይብሰልልኝ» በሉ። ማንም አይስቅባችሁም፤ ቢስቅም ሆዱ የእናንተ ነው።

ጣባው ሲመጣ ቅቤው ይሽተታችሁ። ኮረሪማው ቀድሞ መምጣት አለበት። ሥጋው ጅማት የሌለበት፣ በቢላ የተከተፈ መሆኑ ምላስ ላይ ይታወቃል፤ በማሽን የተፈጨው እንደ ሊጥ ይጣበቃል። አጠገቡ አይብ፣ ጎመን፣ ከቻላችሁ ደግሞ ዝማሙጃት እዘዙ። ጎመንና አይብ በቅቤ የተዋሐደበት ነው፤ እኔ ከክትፎው አስበልጠዋለሁ፣ ይህን ስናገር ግን የጉራጌ ጓደኞቼ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሚጥሚጣውን ከጎን አድርጋችሁ ቅመሱ።

ቆጮውን አትፍሩ። የመጀመሪያው ጉርሻ ኮምጠጥ ይላል። ከቅቤው ጋር ሲገናኝ ነው ጉዳዩ የሚገባችሁ። እንጀራ የጠየቃችሁ እንደሆነ ይሰጧችኋል፣ ግን ያዝኑላችኋል።

ሰባተኛ፦ ጉልበት ካላችሁ ዘቢዳር

ዘቢዳር የጉራጌ ተራሮች አናት ነው፤ ከ3,700 ሜትር በላይ። ለመውጣት የአካባቢውን ሰው ያዙ። መንገዱ ከባድ ሆኖ ሳይሆን ጭጋግ ሲወርድ የሚጠፋ ስለሆነ ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይዘጋል፣ የምታዩት ነገር ሁሉ ነጭ ይሆናል። የምትከፍሉትን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ምሳም አብራችሁ ብሉ።

ከታች እንሰት፣ ከፍ ሲል ገብስና ድንች፣ ከዚያ ሣርና ብርድ። ሸንተረሩ ላይ ስትደርሱ ሁለቱም ጎን ይታያችሁ። በስተምሥራቅ የወረደው ዝናብ በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በስተምዕራብ የወረደው በዋቤ በኩል ግቤን፣ ከዚያም ኦሞን ይዞ ቱርካና ድረስ ይሄዳል። አንድ ደመና ሁለት ጎረቤታሞች ላይ ዘንቦ ውሃው ዳግም አይገናኝም።

የማትወጡ ከሆነ ምንም አይደል። ከቡታጅራ ተራራውን አቋርጦ ወደ ጉብሬ በኩል የሚወስድ መንገድ አለ፣ ያንኑ ከመኪና መስኮት ታዩታላችሁ። ዝናብ ከነበረ ግን ያንን መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ሳትጠይቁ አትግቡበት።

ስምንተኛ፦ የምትሄዱበት ዋናው ነገር

እምድብር፣ አገና፣ ጉንችሬ፣ ጉብሬ። ትንንሽ ከተሞች ናቸው። በመኪና ካለፋችኋቸው አንድ ዋና መንገድ፣ ባጃጅ፣ የባሕር ዛፍ አጠና የጫነ አይሱዙ፣ ጫት ተራ፣ አለቀ። ስለዚህ አታልፉ። መኪናውን አቁማችሁ ከአስፋልቱ ወደ መንደር አንድ ኪሎሜትር በእግር ግቡ።

ያኔ ጀፎረን ታያላችሁ። ጀፎረ የመንደሩ መንገድ ነው፣ ግን መንገድ ማለት አይበቃውም። በእንክብካቤ የተያዘ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይቆማሉ። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይቆምበታል። ማንም ቆርሶ አይወስደውም። ስፋቱን አባቶች ወሰኑት፣ ልጆች ይጠብቁታል። አንድ ሽማግሌን «ለምን ይህን ያህል ሰፋ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ከብቱና ለቀስተኛው እንዳይጋፉ ነዋ!» አሉኝ።

ጀፎረ ላይ መኪና አታስገቡ። ይህን በቀይ ጻፉት። የእኔ ጓደኛ «ሣር ነው እንጂ ምን አለ» ብሎ ገብቶ፣ አራት ሽማግሌ ከበው ለግማሽ ሰዓት መክረውታል። በጨዋነት ነው፣ ግን ላብ በላብ ሆኖ ነው የወጣው።

ቤት ለመግባት መጀመሪያ ሰላምታ። ቆሞ መነጋገር፣ ከየት እንደመጣችሁ መናገር፣ የማን ዘመድ እንደሆናችሁ መጠየቅ አለ። ታላላቆችን «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» በሉ። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ካሜራውን ሳታወጡ ጠይቁ። «ግቡ» ካሏችሁ አንድ ጊዜ አንገራግሩና ግቡ። ውስጡ ክብ ነው፤ መሀል ላይ ጣሪያውን የተሸከመ ወፍራም ምሰሶ አለ፣ ግድግዳው ላይ ሰፌድና ሸክላ ተደርድሯል። የት እንደምትቀመጡ እስኪነግሯችሁ ቁሙ። እኔ ገብቼ የመጀመሪያው ያገኘሁት በርጩማ ላይ ዘፍ አልኩ፤ የአባወራው ቦታ ኖሯል። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ልጆቹ ግን አፋቸውን ይዘው ወጡ።

ቡናው በአንዳንድ ቤት ቅቤና ጨው ይገባበታል። ጠጡት። ለዚህ ነው የመጣችሁት።

እንሰት ሲፋቅ ለማየት ዕድል ካገኛችሁ ሌላውን ፕሮግራም ሰርዙ። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ ሲቆረጥ ግን ሥራው የሴቶች ነው። ግንዱ እየተላጠ በጣውላ ላይ ይጋደማል። እናትየው አንዱን ጫፍ በእግሯ ትይዝና በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትጎትተዋለች። ነጭ ፍቅፋቂ እየሆነ ይወርዳል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ እጇ ላይ የሚቀረው ቃጫ ነው። ቃጫው ገመድ ይሆናል። ከተጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የተፋቀው በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ ለወራት ይብላላል። ከዚያ ወጥቶ ይጨመቃል፣ ክሩ እንዲበጣጠስ በቢላ ይከተፋል፣ ኮባ ላይ ተነጥፎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። እምድብር የቀሰቀሰኝ ቱክ ቱክ ይህ ነበር። «ልሞክር?» ብዬ መፋቂያውን ያዝኩ። በሦስተኛው ጉተታ ወገቤ ጮኸ፣ እንሰቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እናትየው ሳቀችና ተቀበለችኝ።

ከአካባቢው ታሪክ ሁለት ነገር ካነሳችሁ ጨዋታው ይደራል። አንደኛው የሙኽሯ የቃቄ ውርድወት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሴቶች የጋብቻ መብት ወንዶቹ ሸንጎ ፊት የቆመችው። ሌላው መንገዱ ራሱ። በ1950ዎቹ ጉራጌዎች መንግሥትን ብቻ ሳይጠብቁ፣ ሊስትሮ ጠርጎም ሱቅ ነግዶም ካገኘው ሁሉ አዋጥተው መንገድ አሠርተዋል። አባቱ ወይም አያቱ ያላዋጣ ቤት ማግኘት ይከብዳችኋል፤ እያንዳንዱ ቤትም የራሱ ታሪክ አለው።

ዘጠነኛ፦ በወልቂጤ ውጡ

ወልቂጤ ትልቅ ከተማ ናት፤ አልጋውም ባንኩም ነዳጁም እዚህ አለ። ሁለተኛውን ሌሊት እዚህ ብታድሩ ይመቻችኋል። ትርፍ ግማሽ ቀን ካላችሁ በጅማ መንገድ ወደ ግቤ ውረዱ። ከደጋው ወደ ሸለቆው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጃኬት አውልቃችሁ መስኮት ትከፍታላችሁ። ግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ በኩል ነው፤ ጉማሬ በጠዋት ነው የሚታየው። ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ይጠብቋችኋል፣ ሙዝ አትወርውሩላቸው።

ከመመለሳችሁ በፊት ቆጮ ግዙ። በኮባ የተጠቀለለውን ምረጡ፤ በፌስታል ያለው ያልባል። እርጥበቱን በእጃችሁ ጨምቃችሁ እዩ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በሚዛን ውሃ እየገዛችሁ ነው። መኪና ውስጥ ከኋላ አድርጉት፣ መስኮትም ክፈቱ። ወሊሶ ስትደርሱ ሽታው ፊት ወንበር ይደርሳል፤ ሰበታ ላይ ትለምዱታላችሁ፤ ቤት ስትገቡ ደግሞ ጎረቤት በሩን ከፍቶ «ከጉራጌ ነው የመጣችሁት?» ይላችኋል። ያኔ ግማሹን ቆርሳችሁ ስጡት።